ሸረሪት ብትፈራስ?

ጉዱማሌ ነን፤ ሐይቁ ዳር፡፡ አምስት ሆነን ጥላ ሥር ተቀምጠን ቆሎ እንቆረጥማለን፡፡ አንዷ ጓደኛችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ልትበር ነው፡፡ ባሏ እዚያ ነው፤ ቪዛው ስንት ተጠብቆ፣ ስንት ተለቅሶ የወጣ ነው፡፡ የምንቀረው አራታችን እንደ ወጉ የምክር ናዳ እናወርድባታለን፡፡ "ወፍራም ጃኬት ያዢ!" "በርበሬውን በደንብ አሽጊው!" "እንደደረስሽ መንጃ ፈቃድ አውጪ!" እሷ ዝም ብላ ስትሰማን ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች፡፡

"እኔ የምፈራው ሸረሪቱን ነው፡፡"

ሳቅን፡፡ ያውም ሆዳችንን ይዘን! እኔ ራሴ እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅሁት፡፡ አንዷማ ሣር ነቅላ ከኋላዋ አንገቷን ነካ አደረገቻት፡፡ ልጅቷ ጮኻ ተነሳችና ሮጠች፡፡ ተመልሳ ስትቀመጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን እሷም አብራን ሳቀች፡፡ ምን ታድርግ?

ይሄን የምጽፈው ስለዚያ ሳቅ ነው፡፡ ሳቁ ጥፋት ነበር፡፡ የኔም፣ ይሄን እያነበባችሁ ከንፈራችሁን ፈገግ ያደረጋችሁት የእናንተም፡፡

የአውስትራሊያ ኤርፖርት በምግብ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም፤ የያዝከውን የምግብ ዓይነት ሁሉ ቅጽ ላይ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፡፡ ጓደኛችን በርበሬዋን አስመዘገበች፤ ሽሮዋንም አስመዘገበች፡፡ ፍርሃቷን ግን የጠየቃት አልነበረም፡፡ ሳይፈተሽ ገባ፡፡

ከሦስት ወር በኋላ ስልክ ደወለች፡፡ እኛ ጋ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ እሷ ጋ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፡፡ መብራቱን ሁሉ አብርታ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፡፡ ባሏ የሌሊት ፈረቃ ነው፡፡ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ መዳፍ የሚያህል ሸረሪት አይታ ወጥታለች፤ ተመልሳ መግባት አልቻለችም፡፡ ይሄ ሦስተኛ ሌሊቷ ነው፡፡ ቆየት ብላ ደግሞ ሌላውን ነገረችኝ፡፡ ያገኘችውን የጽዳት ሥራ በአራተኛው ቀን ትታዋለች፤ የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ጥግ ድር ነበረበት፡፡ ለባሏ ያለችው "ወገቤን አመመኝ" ነው፡፡ ለእናቷ ያለችው "አየሩ አልተስማማኝም" ነው፡፡ "እመለሳለሁ እንዳልል…" አለችና ዝም አለች፡፡ ለሽኝቱ የተበደሩትን እኔም አውቃለሁ፡፡

እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት ያሳፈረኝ ሸረሪቱ አይደለም፡፡ ለሁሉም ዋሽታ ለእኔ ብቻ እውነቱን ከመናገሯ በፊት "እንዳትስቂ" ብላ ማስማሏ ነው፡፡

አሁን የምትሉትን አውቃለሁ፡፡ እኔም ብየው ስለነበር፡፡ አንድ በአንድ እንየው፡፡

"ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፡፡" አይ ጎበዝ! ድመት ስታይ ክፍሉን ጥላ የምትወጣ አክስት የሌላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ፡፡ መርፌ ሲያይ የሚዝለፈለፍ ጎረምሳ የማታውቁስ? እውነት ነው፣ ሸረሪት እኛ ዘንድ መጥፎ ስም የላትም፡፡ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን የምንተርት ሰዎች ነን፡፡ ቁርዓን ውስጥ 29ኛው ምዕራፍ በስሟ የተጠራ ነው፡፡ በዓል ሲደርስ ኮርኒሱን በረጅም መጥረጊያ ጠርገን ዞር እንላለን፤ በቃ፡፡ ስለዚህ የሚፈራት ሰው ሲገኝ ግራ ይገባናል፡፡ ግን ለፍርሃቱ አራክኖፎቢያ የሚል ስም ያወጡለት ፈረንጆቹ ናቸው እንጂ ፍርሃቱስ የሰው ነው፡፡

"ሸረሪት አይገድል!" ይሄ ደግሞ ልጅቷ የማታውቀው ይመስል የሚነገር ነው፡፡ ከማናችንም በላይ ታውቃለች፡፡ ያቺ መዳፍ የምታህለው ሃንትስማን የምትባለው ናት፤ መኖሪያ ቤትና መኪና ውስጥ መግባት ትወዳለች፣ ታስደነግጣለች፣ ግን ሰው አትገድልም፡፡ ሬድባክ ለምትባለው፣ ጀርባዋ ላይ ቀይ ምልክት ላላት ሸረሪት፣ ማርከሻው ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፡፡ ሲድኒ አካባቢ ለምትገኘው ለአደገኛዋ ፈነል ዌብ ደግሞ በ1981 እ.ኤ.አ. ማርከሻ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በእሷ ንክሻ ሞተ ተብሎ የተመዘገበ ሰው የለም፡፡ እንዲያውም ቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ፣ ደም የጠጣች ትንኝ መርጣ የምትበላ ትንሽ ዘላይ ሸረሪት እንዳለች ተመራማሪዎች ጽፈዋል፡፡ ወባን ለምናውቅ ለሐዋሳ ልጆች ይቺ ባለውለታ ናት! ይሄን ሁሉ ለጓደኛዬ በስልክ አነበብኩላት፡፡ "አውቃለሁ" አለችኝ፡፡ እያወቀች ነው የምትንቀጠቀጠው፡፡ ፍርሃቱ የእውቀት ጉድለት ቢሆን ኖሮ አንድ ገጽ አንብባ ትተኛ ነበር፡፡

"ትለምደዋለች፡፡" ትልቁ ውሸታችን ይሄ ነው፡፡ በሸሸች ቁጥር አትለምደውም፤ ይብስባታል፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡- ታያለች፣ ልቧ ይመታል፣ ክፍሉን ጥላ ትወጣለች፣ ወዲያው እፎይ ትላለች፡፡ ያ እፎይታ ለአእምሮዋ "ያዳነሽ መሸሽሽ ነው" ብሎ ያስተምረዋል፡፡ በሚቀጥለው ጊዜ ፈጥና ትሸሻለች፡፡ ዛሬ መኝታ ቤት፣ ነገ የዕቃ ክፍል፣ ከነገ ወዲያ ሥራው ራሱ፡፡ ዓለሟ እንዲህ እየጠበበ ይሄዳል፡፡

"እንግዲያው ድንገት እጇ ላይ ጣል ነው!" ይሄ ሕክምና ሳይሆን ጭካኔ ነው፡፡ የእኛ ሣር ምን እንዳደረገ አይተናል፡፡

መፍትሔው ከተገኘ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል፡፡ በ1924 እ.ኤ.አ. ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ላይ ያደረገችውን ጻፈች፡፡ ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን ከሩቅ፣ ቀስ በቀስ፣ ትንሽ በትንሽ ታቀርብለት ነበር፡፡ መጨረሻ ላይ ልጁ ጥንቸሉን ነካው፡፡ በ1958 ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፔ ይሄንኑ ደረጃ በደረጃ የመቅረብ መንገድ በመጽሐፍ አስፍሮ አስፋፋው፡፡ በ1989 ደግሞ ላርስ ጎራን ኦስት የተባለ ስዊድናዊ፣ ከባለሙያ ጋር በአንድ ቁጭታ፣ ቢበዛ በሦስት ሰዓት ሊሠራ የሚችል አድርጎ አቀረበው፡፡ ሦስት ሰዓት! እኛ ለሽኝት ዶሮ ለመሥራት ከዚህ በላይ እንፈጃለን፡፡

መንገዱ ምሥጢር የለውም፡፡ "ሸረሪት" የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ከመጻፍ ይጀመራል፡፡ ቀጥሎ በእርሳስ የተሳለ ሥዕል፣ ቀጥሎ ትንሽ ፎቶ፣ ቀጥሎ ስልክ ላይ የምትንቀሳቀስ፡፡ ከዚያ ማሰሮ ጠርሙስ ውስጥ ያለች፣ መጀመሪያ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ፣ ኋላ ቀረብ ብላ፡፡ በየደረጃው ፍርሃትሽን ከ0 እስከ 10 ትሰጪዋለሽ፤ ቁጥሩ እስኪወርድ ሳትሸሺ ትቆያለሽ፤ ሲወርድ ወደ ቀጣዩ ታልፊያለሽ፡፡ የሚገፋሽ ሰው የለም፤ ፍጥነቱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፡፡ ፍርሃቱ ራስን የሚያስት፣ እንቅልፍና ሥራ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ለብቻ አይሞከርም፤ ወደ ባለሙያ ይኬዳል፡፡ ጸሎቱም ጠበሉም ይቀጥል፤ ይሄኛው ግን እነሱን አይከለክልም፡፡

ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ጉዱማሌ ብትወጡ ቁጥቋጦው ላይ የተዘረጋ ድር አታጡም፡፡ ቪዛው እስኪወጣ የጠበቅንባቸው እነዚያ ሁሉ ወራት! በየሳምንቱ እጇን ይዘን አንድ እርምጃ ብናስጠጋት ኖሮስ? ቤት አለን፣ ጊዜ አለን፣ ሸረሪትም አለን፡፡ ያልነበረን የማይስቅ ሰው ብቻ ነው፡፡

አሁን የመጨረሻዋና ከባዷ፡- "ሰው በየበረሃውና በየባሕሩ እያለቀ አንቺ ስለ ሸረሪት ትጽፊያለሽ?"

አዎ፣ እጽፋለሁ፡፡ ምክንያቱም ነገሩ አንድ ነው፡፡ ከ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ተመልሰዋል፡፡ ከእነሱ ውስጥ ያዩትን ለእናታቸው የተናገሩ ስንቶቹ ናቸው? መናገር የሚለመደው በትንሹ ነው፡፡ በሸረሪት የተሳቀባት ልጅ ነገ አሠሪዋ ሲመታት ለማን ትናገራለች? አፏን የዘጋነው ገና ሳትሳፈር፣ እዚሁ፣ ሣሩ ላይ ነው፡፡

ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱ ዜጎች ከመሄዳቸው በፊት ገለጻ እንዲያገኙ ሕጉ ያዛል፡፡ ጥሩ ነው፡፡ እዚያ ላይ አንዲት ጥያቄ ትጨመር፡- "የምትፈሪው ምንድን ነው?" ለትዳር ወይም ለትምህርት የሚሄደው ግን ገለጻም የለውም፤ ያለው እኛ ነን፡፡ እኛ ደግሞ በርበሬ እናሽጋለን፡፡

ጉዱማሌ የፍቼ ጨምበላላ ሜዳ ነው፤ በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፡፡ ትውፊቱ እንደሚለው ፍቼ ባል አግብታ ርቃ የሄደች የሲዳማ ሴት ነበረች፡፡ በዓመት አንድ ጊዜ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣለች፤ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይበላል፡፡ እያንዳንዳችን ዘንድ እንዲህ ያለች ሴት አለች፤ አንዷ ሜልቦርን፣ አንዷ ቤሩት፣ አንዷ ዱባይ፡፡ ስትመጣ ያመጣችውን እንቆጥራለን፡፡ "እንዴት አደርሽ? ሌሊቱ እንዴት ነበር?" የሚላት ግን ማነው?

ጓደኛዬ በመጨረሻ ለሐኪሟ ነገረች፡፡ ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላከቻት፡፡ ዛሬ ሃንትስማኗ ስትመጣ ሰፊ የምሳ ዕቃ ትደፋባታለች፣ ከሥር ካርቶን ታስገባለች፣ ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች፡፡ "አሁንም እፈራለሁ፤ ግን አልሸሽም" ትላለች፡፡ ሥራ ይዛለች፤ ትተኛለችም፡፡

ባለፈው ወር እንደገና ጉዱማሌ ተሰበሰብን፡፡ ከቀረነው አራታችን አንዷ ወደ ዱባይ ልትሄድ ነው፡፡ ምክሩ ከመጀመሩ በፊት ጠየቅኋት፡- "የምትፈሪው ነገር አለ?"

አቀርቅራ ቆየች፡፡ "ሊፍት" አለች፡፡

ማንም አልሳቀም፡፡ ቅዳሜ ከተማ ውስጥ ሊፍት ያለው ሕንፃ ፈልገን ሦስተኛ ፎቅ ደርሰን ወረድን፡፡ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አምስተኛ ተባብለናል፡፡