ላፕቶፑ አልሞተም፤ የጠፋው ቀጥቃጩ ነው

ማረሻ ሲዶለዱም ገበሬ አይጥለውም። ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ ያስለዋል፤ በማግስቱም ያርስበታል። በአቸፈር ለብረት የሚሰጠው ይህ ዕድል ለላፕቶፕ ግን አልተሰጠም።

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ በኢንቴል በኩልም በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በመሆኑም ከ2010 ዓ.ም በፊት የተሠራው አብዛኛው ላፕቶፕ መሥፈርቱን አያልፍም። የዱርቤቴ ወይም የቡሬ ቤተሰብ አቅሙ የሚፈቅድለት ርካሹ "ስላሽ" ላፕቶፕ ደግሞ ይኸው ነው።

"አዲስ ግዙ" ማለት ቀላል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ በዶላር ነው የሚገባው። የመምህር ደመወዝ ግን በብር ነው።

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ጥገና ቤት ሄዶ "ክራክ" የተደረገ ዊንዶውስ ያስጭናል። የጫነለት ልጅ ክራኩ እንዲሠራ ብሎ አንቲቫይረሱን ያጠፋዋል። ከዚያ ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የመጣ ቫይረስ የተማሪውን የመመረቂያ ጽሑፍ ይበላዋል። የተጠያቂነቱን ነገር ማንም አያነሳውም።

ሌላ መንገድ አለ። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ በተባለ የፊንላንድ ተማሪ የተጀመረ፣ በነጻ የሚገኝና በሕጋዊ መንገድ የሚባዛ ሥርዓት ነው። ባዕድ ነገርም አይደለም። የአንድሮይድ ስልክ ልቡ ሊኑክስ ነው፤ ዱርቤቴ ገበያ ላይ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ሊኑክስ ኪሱ ውስጥ አለ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ዓይነት በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፤ 4 ከሆነ በደንብ ይሠራል። የመጫኛው ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። አንድ ሰው ባሕር ዳር አውርዶ በፍላሽ ቢያመጣው ከተማው በሙሉ ሊቀዳው ይችላል፤ ስርቆትም አይባልም። በ2015 ዓ.ም ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ለቆየበት ክልል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የግዕዝ ፊደልም ችግር የለበትም። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት በነጻ ይገኛል፤ የአማርኛ መጻፊያውም እንዲሁ።

"ጌም አይጫወትም" የሚለው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ከወጣቶች ይመጣል። ትላልቆቹ በንቀት ያልፉታል። መናቅ ግን አልነበረበትም፤ ልጅ ኮምፒውተርን የሚለምደው በጨዋታ ነው። መልሱም አዎም አይደለምም ነው። ሱፐርታክስካርት የተባለው የመኪና እሽቅድምድም በነጻ ይገኛል። ከጥንት መንግሥታት መካከል ጎረቤታችንን ኩሽን ያካተተው ዜሮ ኤዲም እንዲሁ። ለታናናሾቹ ፊደልና ሒሳብ በጨዋታ የሚያስተምር ጂኮምፕሪ አለ። የቆዩ የዊንዶውስ ጌሞችም ብዙዎቹ በዋይን በኩል ይነሳሉ። የስቲም ባለቤት ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ፕሮቶን ደግሞ አዳዲሶቹን ያስኬዳል፤ ነገር ግን በ4ኛ ትውልድና ከዚያ በፊት ባሉ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ የግራፊክሱ ክፍል ለዚህ በቂ ስላልሆነ ብዙ ተስፋ አይጣልበት። እንደ ፎርትናይት ያሉትም ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ይህን ደብቆ ሊኑክስን ማሞገስ ልጁን በሁለተኛው ቀን ወደ ክራኩ መመለስ ነው።

ሌላም እውነት አለ። ፒችትሪ ላይ የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ዊንዶውሱን መልቀቅ የለበትም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የመሥሪያ ቤት ሰነዶችም ሊኑክስ ላይ ሲከፈቱ ሊዘበራረቁ ይችላሉ። ሊኑክስ ለሁሉም መድኃኒት አይደለም። ለተማሪ፣ ለመምህርና ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ግን ከበቂ በላይ ነው። በ2016 ዓ.ም ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሚፈልገው ብሮውዘርና ኢንተርኔት ነው፤ ብሮውዘሩ ሊኑክስ ላይ አለ።

እስካሁን ለምን አልተለመደም? ትምህርት ቤት ስላልፈለገው አይደለም። ላፕቶፕ ሲበላሽ ሰው የሚሮጠው ወደ ጥገና ቤቱ ልጅ ነው፤ ልጁ የማያውቀውን ሥርዓት ማንም አይደፍረውም። ስለዚህ ገንዘብም ሥልጠናም ያለው አካል ከእሱ ይጀምር። የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የጥገና ባለሙያዎችን ጠርተው የጥቂት ቀን ሥልጠና ቢሰጡ፣ መጫኛውን በፍላሽ ቢያድሉ፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጡትን ኮምፒውተሮች ለልምምድ ቢያወጡ ወጪው ከአንድ አዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ባለሙያውም ይጠቀማል፤ የአገልግሎት ክፍያውን ይቀበላል፣ ደንበኛው በየወሩ በቫይረስ እያማረረ አይመለስበትም።

ማረሻ ያለ ቀጥቃጭ ቁራጭ ብረት ነው። ላፕቶፑም እንዲሁ። መጀመሪያ ቀጥቃጩ ይሠልጥን።