ጉድለቱ የማን ነው?

በሰሜን ወሎ፣ በሐራ ገበያ፣ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው እህል ሲሸጥ ቢታይ የሚደነቅ አይኖርም። እህል ሻጭ ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ስለሚሸጥ ገዢው የሚመለከተው የእህሉን ጥራትና ስፍሩን እንጂ የሻጩን እግር አይደለም። ያው ሰው ጉዳዩን ለማስፈጸም ደረጃው ወደ በዛ መሥሪያ ቤት ሲሄድ ግን ወዲያውኑ «አካለ ጎደሎ» ይሆናል። እግሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

እንግዲህ «ሙሉ» እና «ጎደሎ» የምንላቸው ቃላት ከሰው አካል ብቻ የሚመነጩ አይደሉም። ለዚህም የቅኔ ቤት ጥሩ ምስክር ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ከመምህሩ አፍ እየሰማ በቃሉ ስለሚያጠና ዓይነ ስውርነት ከዕውቀት አያግድም። በጎጃም እጅግ የታወቁት የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳና የታተመ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ግን፣ ብሬል እስኪታከልበት ድረስ፣ ለዓይነ ስውሩ ቦታ አልነበረውም።

ይህን ስል የቀድሞውን ልማድ ሁሉ ማወደሴ አይደለም። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በወሎ፣ በአማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን አጡ። አካባቢው ሴት ልጅን ገና በልጅነቷ ይድር ነበር፤ ማየት የተሳናትን ግን ለትዳር አይፈልጋትም። በዚህም የተነሣ እርሳቸው ሻሸመኔ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዓይነ ስውርነታቸው ከያለዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናቸው ራሳቸው ተናግረዋል። «ጎደለች» የተባለችው ልጅ ስትማር፣ «ሙሉ» ናቸው የተባሉት እኩዮቿ በልጅነታቸው ይዳሩ ነበር። ታዲያ የጎደለው የትኛው ነው፤ ዓይኗ ወይስ ልማዱ?

እርግጥ ነው፣ ዓይንን ወይም እግርን ማጣት በራሱ ከባድ ነው፤ ሰው የፈጠረው ወሬ ነው አልልም። ሆኖም በዚያ ላይ የምንጨምረው ሸክም የእኛ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። አዋጁ እንዲለወጥ ያዘዘው በሩን ነው፤ ሰውየውን አይደለም። ግንበኛው ደረጃውን ብቻ ሠርቶ በሄደበት ሁሉ ግን፣ ያ እህል ሻጭ ወረቀቱን ይዞ፣ አንድ ሠራተኛ ወርዶ እስኪያነጋግረው ድረስ ከደረጃው ሥር ይጠብቃል።