የማይረጋ ቅርጽ ያላቸው ፕሮቲኖች፦ የኮምፒውተር ትንበያ ብቻውን ለምን አልበቃም?

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኒር ኢስት ሳይድ በተሰኘው ሠፈር የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል። እዚያም ሆነ በሌላው ዓለም ለፓርኪንሰን ሕሙማን የሚታዘዙ መድኃኒቶች ምልክቶቹን ያስታግሳሉ እንጂ የበሽታውን ግስጋሴ አይገቱም።

ለችግሩ አንዱ ምክንያት አልፋ ሲኑክሊን የተባለው ፕሮቲን ነው። ከ140 አሚኖ አሲዶች የተገነባው ይህ ፕሮቲን በፈሳሽ ውስጥ አንድ የረጋ ቅርጽ የለውም፤ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሲጠራቀም ግን ከበሽታው ጋር ይያያዛል። መድኃኒትን በቁልፍ ብንመስለው፣ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ያለማቋረጥ ይለዋወጣል ማለት ነው።

ለዴሚስ ሀሳቢስና ለጆን ጃምፐር የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ያስገኘው አልፋፎልድ የፕሮቲኖችን ቅርጽ በመተንበይ ረገድ ትልቅ እመርታ ነው። ሆኖም በአብዛኛው የሚሰጠው አንድ ምስል ሲሆን፣ ለተለዋዋጭ ፕሮቲን ደግሞ ይህ አይበቃም።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የራፋኤል ብሩሽዋይለር የምርምር ቡድን ኤንኤምአር የተሰኘውን የማግኔት መሣሪያ ከኮምፒውተር ማስመሰያ ጋር ያጣምራል። መሣሪያው የብዙ ቅርጾችን አማካይ ይለካል፤ እያንዳንዱን ለይቶ ግን አያሳይም። ማስመሰያው የአተሞችን እንቅስቃሴ ይተርካል፤ ቀመሩ ግን ግምታዊ ነው። የጥምረቱ ፋይዳ አንዱ የሌላውን ጉድለት መፈተሹ ላይ ነው።

ከላቦራቶሪ እስከ ሕሙማን አልጋ ያለው መንገድ ረዥም ነው። በልኬት ያልተፈተነ ማስመሰያ ግን ያንን መንገድ ያስረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም።