«አሜሪካም ቢሆን እኮ!» ለሚሉን

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

በአገራችን ስለሚባክነው የሕዝብ ገንዘብ አንድ ቃል በተነፈሰ ቁጥር የመንግሥት ደጋፊዎች የማትለወጥ መልስ አለቻቸው። «አሜሪካም ቢሆን እኮ!» ይላሉ። አሜሪካም ቢሆን እኮ ፕሮጀክት ይዘገያል፤ አሜሪካም ቢሆን እኮ ወጪ ይንራል፤ አሜሪካም ቢሆን እኮ ዘመድ ይሾማል። ይህቺ መልስ በኢሕአዴግ ዘመን በፓልቶክ ትሰማ ነበር፤ ኢሕአዴግ ብልጽግና ከሆነ በኋላም በፌስቡክና በዩቲዩብ ቀጥላለች። መንግሥት ተለወጠ ተባለ እንጂ ማመካኛው አልተለወጠም።

እኔ ዛሬ «ውሸታችሁን ነው» ልላቸው አልተነሣሁም። ይልቅስ «ልክ ናችሁ» ልላቸው ነው። ማስረጃ ቸግሯቸው ከሆነም እኔ ከምኖርበት ከዳላስ ወደ ምዕራብ 30 ማይል ያህል ነድተው ፎርት ወርዝ ከተማ ይግቡ። እዚያ ትሪኒቲ ወንዝ ዳር የሚያዩት ጉድ ለክርክራቸው ጥሩ ስንቅ ይሆናቸዋል። ነገሩን እስከ መጨረሻው ከተከተሉት ግን የሚያደርሳቸው እነሱ ወደሚፈልጉት ቦታ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎርት ወርዝ እ.ኤ.አ. በ1949 ከባድ የትሪኒቲ ጎርፍ ደርሶባት ሰው ሞቷል፣ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ ረዣዥም የአፈር ግድቦች ተሠሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ታዲያ የከተማው ሰዎች አንድ ትልቅ ሐሳብ አመጡ። 1.5 ማይል ርዝመት ያለው አዲስ ቦይ ተቆፍሮ ጎርፉ በዚያ ይለፍ፤ አሮጌው ግድብ ይነሣ፤ በቦዩና በወንዙ መካከል የሚቀረው 338 ኤከር መሬት ደሴት ሆኖ መኖሪያ፣ ሱቅና የውሃ ዳር መናፈሻ ይሠራበት ተባለ። ስሙንም «ፓንተር አይላንድ» አሉት። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ጎርፍ መከላከልን የሚጠላ የለም፤ የውሃ ዳር መናፈሻ የሚጠላም የለም።

ከዚያ ሒሳቡ መሮጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተነገረው ግምት 435 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ 909 ሚሊዮን ሆነ። በ2018 ደግሞ 1.17 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ደሴት የሚያደርገው ቦይ ገና ተቆፍሮ ሳያልቅ ዋጋው ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው።

ድልድዮቹማ ለብቻቸው ታሪክ ናቸው። ሦስት ድልድዮች እ.ኤ.አ. በ2014 ተጀመሩ፤ ከሥራቸው ግን ውሃ አልነበረም። «ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ ከመሥራት በደረቅ መሬት ላይ መሥራቱ ይረክሳል» ተባለ። በዲዛይኑ ምክንያት ሥራው ተጓተተ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ዙሪያው ያሉ ትናንሽ ነጋዴዎች ደንበኛ አጡ፤ የሚዘጉም ተዘጉ። ድልድዮቹ ለትራፊክ ተከፍተው ያለቁት እስከ 2021 ድረስ ተጎትተው ነው። ያኔም ቢሆን መኪናው የሚያልፈው በደረቅ መሬት ላይ ነበር። ወንዝ የሌለው ድልድይ ማለት ይኸው ነው።

ዘመድ የመሾሙስ ነገር? እሱም አለ። ፕሮጀክቱን እንዲመራ በተቋቋመው የትሪኒቲ ሪቨር ቪዥን ባለሥልጣን ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 ዋና ዳይሬክተር ሆነው የተሾሙት ጄ. ዲ. ግሬንጀር ናቸው። ቀድሞ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። እናታቸው ኬይ ግሬንጀር ደግሞ የፎርት ወርዝ ከንቲባ የነበሩ፣ ኋላም ከተማውን ወክለው ኮንግረስ የገቡና ለዚሁ ፕሮጀክት የፌዴራል ገንዘብ ለማምጣት ዋነኛ ተሟጋች የነበሩ ሴት ናቸው። እናት ዋሽንግተን ገንዘብ ትጠይቃለች፤ ልጅ ቴክሳስ ፕሮጀክቱን ይመራል። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ይህን ሥዕል ለማንበብ አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ወጪው ለምን ናረ ቢባል ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ የፕሮጀክቱ ስፋት እየሰፋ ሄደ፤ መጀመሪያ ያልነበረ ሥራ ተጨመረበት። ሁለተኛ፣ ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሲሚንቶው፣ የብረቱና የጉልበቱ ዋጋ ጨመረ። ሦስተኛውና ዋናው ግን ገንዘቡ ኪስ ሳይገባ ሥራ መጀመሩ ነው። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ እስከ 526 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ቢፈቅድም፣ በአሜሪካ ሕግ መፍቀድ ሌላ፣ በጀት መልቀቅ ሌላ ነው። የተለቀቀው ከተፈቀደው ጥቂቱ ብቻ ነበር። የፌዴራሉ የጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ጓድ በመሠረተ ልማቱ ሕግ አማካይነት 403 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን ያስታወቀው በጥር 2022 ነው። እስከዚያ ድረስ ድልድዩ ቆሞ ውሃውን ጠበቀ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር ይሉ የለም አበው?

ዳላስም ብትሆን ከዚህ የተሻለ ታሪክ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1998 የዳላስ መራጭ ለዚሁ ለትሪኒቲ ወንዝ 246 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ሐይቅና መናፈሻ ይሠራል ተብሎ ነበር። ከመናፈሻው ጋር ግን በሁለቱ የጎርፍ ግድቦች መካከል የሚያልፍ የክፍያ መንገድ ተያይዞ መጣ። የመንገዱ ግምት እያደር ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፤ ከ19 ዓመት ውዝግብ በኋላ በነሐሴ 2017 የከተማው ምክር ቤት ራሱ ሰረዘው።

እንግዲህ የመንግሥት ደጋፊ ወገኖቼ፣ ደስ ይበላችሁ! አሜሪካም ቢሆን እኮ!

አሁን ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እኔ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሁት? የግሬንጀር ቤተሰብ ወዳጅ አይደለሁም። በውሃ ባለሥልጣኑ ቢሮ ዘመድ የለኝም። 435፣ 909፣ 1.17 ብዬ የዘረዘርኩት ሁሉ በአደባባይ ያለ ቁጥር ነው። የከተማው ጋዜጣ ጽፎታል፤ ቦርዱ በክፍት ስብሰባ ተናግሮታል። በቴክሳስ ሕግ ማንም ሰው፣ መጤም ቢሆን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ሰነድ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ መስጠት ካልፈለገ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ለግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ምክንያቱን አቅርቦ መፈቀድ አለበት። ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት የለም።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላስ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2018 ወጪው ከቢሊዮን ሲያልፍ የፎርት ወርዝ ከንቲባ ቤትሲ ፕራይስ ከውጭ የሚመጣ ገምጋሚ ይመርምረው አሉ። ሪቬሮን የተባለ ድርጅት መርምሮ በ2019 ሪፖርቱን አወጣ። ጎርፍ መከላከሉና የመዝናኛው ሥራ ይለያይ የሚል ምክር ሰጠ። የአመራሩ አሠራር ተቀየረ፤ ጄ. ዲ. ግሬንጀርም መጀመሪያ ከዳይሬክተርነቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፣ በ2022 ደግሞ ለቀቁ። የውሃ ባለሥልጣኑን ቦርድ ሲተቹ የኖሩት ሜሪ ኬሌኸር በ2013 ተመርጠው ቦርዱ ውስጥ ገቡ፤ በ2017 ተሸነፉ፤ በ2021 እንደገና ተመርጠው ሲመለሱ የቦርዱ ሊቀመንበር የነበሩት ሰው ወንበራቸውን አጡ። በዳላስም የክፍያ መንገዱን የተቃወሙት የምክር ቤት አባል አንጄላ ሃንት ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን በ2007 ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። ተሸነፉ። ሆኖም ከአሥር ዓመት በኋላ ያሸነፈው የእሳቸው ሐሳብ ነው።

ሜሪ ኬሌኸር አልታሰሩም። አንጄላ ሃንት አልተሰደዱም። «ፀረ ልማት» ተብለው በቴሌቪዥን አልተወገዙም።

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ «ሸገርን ማስዋብ» የተባለውን የወንዝ ዳር ፕሮጀክት አስጀመሩ። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር፤ ሦስት ዓመት፤ 29 ቢሊዮን ብር ተባለ። በግንቦት 2019 «ገበታ ለሸገር» ተብሎ የአንድ ሰው እራት በ5 ሚሊዮን ብር ተሸጠ። ሦስቱ ዓመት ካለፈ ቆየ። ፓርኮች መሠራታቸውን ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም። የአዲስ አበባ ወንዞች ጥቁር ፈሳሽ ሆነው መኖራቸውን የሚያውቅ ሰው ወንዝ መጽዳቱን አይቃወምም። ጥያቄው ሌላ ነው። ከ29 ቢሊዮኑ ስንቱ ወጣ? ለማን ተከፈለ? ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ፣ ስንቱስ ቀረ? ጨረታውን ማን አሸነፈ? እኔ የፎርት ወርዝን ሒሳብ ቡና እየጠጣሁ ማንበብ ስችል፣ የአዲስ አበባ ግብር ከፋይ የገዛ ከተማውን ወንዝ ሒሳብ የሚያነብበት ቦታ የታለ?

ከ2024 ጀምሮ ደግሞ «የኮሪደር ልማት» መጣ። ፒያሳ ፈረሰ፤ ካዛንቺስ ፈረሰ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሚያዝያ 2025 ማፈናቀሉ እንዲቆም ጠይቋል። ፎርት ወርዝ ላይ ንብረቱ የሚወሰድበት ሰው ሕጉ የገበያ ዋጋ እንዲከፈለው ያዛል፤ ዋጋው ካልተስማማው ፍርድ ቤት ይከራከራል። አዲስ አበባ ላይ ግን መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ነዋሪው የሚደርሰው ወረቀትና የጥቂት ቀን ጊዜ ነው።

የጫካ ፕሮጀክት ተብሎ ስለሚጠራው ቤተ መንግሥት ሲጠየቁ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገንዘቡ ከበጀት ውጭ የተገኘ ነው አሉ። ይህ መልስ ብዙዎችን ዝም አሰኝቷል። ዝም የሚያሰኝ መልስ ግን አይደለም። በምክር ቤት ያልጸደቀ ገንዘብ በየትኛው በር ወደ ዋና ኦዲተር ይገባል? በአንድ አገር ስም የተሰጠ ገንዘብ የአገሩ ገንዘብ ካልሆነ የማን ነው?

ይህ በሽታ ትናንት የጀመረ አይደለም። በኢሕአዴግ ጊዜ ሜቴክ የስኳር ፋብሪካዎቹን ይዞ ሲዘገይ፣ የሕዳሴው ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ በእጁ ሲቀር የጠየቀ ሁሉ የአገር ጠላት ይባል ነበር። በ2018 ሥራው ከሜቴክ ተነጠቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያለ ጨረታ 37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዥ መፈጸሙን ለሕዝብ ተናገሩ። ያን ጊዜ «አገር ጠል» የተባሉት ሰዎች ልክ ነበሩ ማለት ነው። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን የለም።

ኢትዮጵያም ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። በምክር ቤቱም የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ የሚባል አለ። የዚህ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት የአብን ተወካይ አቶ ክርስቲያን ታደለ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተይዘው ታሰሩ። የታሰሩት ስለ ሒሳብ በመጠየቃቸው ነው አልልም፤ የተከሰሱበት ጉዳይ ሌላ ነው። ነገር ግን አንድ አገር የወጪ ተቆጣጣሪውን እስር ቤት አስገብቶ ወጪው በሥርዓት እየተመራ ነው ቢል ማን ያምነዋል?

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። ልዩነቱ አሜሪካኖች ከእኛ ይልቅ ቅዱሳን መሆናቸው አይደለም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ለሰው ልጅ ሁሉ ይሠራል። ልዩነቱ ጠያቂ መኖሩና ጠያቂው ማታ ቤቱ ገብቶ ማደሩ ነው። ግልጽነት የፎርት ወርዝን ወጪ ከመናር አላዳነውም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ወጪው ሲንር ግን ሕዝቡ በስንት እንደ ናረ፣ በማን እጅ እንደ ናረ አወቀ። ማወቅ ደግሞ የመቅጣትና የማረም መጀመሪያ ነው።

ለእኛ በዚህ አካባቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያንም ሁለት ቃል አለኝ። ታራንት ካውንቲ ቤት የገዛችሁ ሁሉ የቤት ግብር ደረሰኛችሁን ተመልከቱ፤ የውሃ ባለሥልጣኑ ድርሻ ሊኖርበት ይችላል። ካለበት የፓንተር አይላንድ ወጪ የእናንተም ወጪ ነው። ዜጋ ከሆናችሁ የቦርዱ ምርጫ በግንቦት ሲመጣ ውጡና ምረጡ። ጥቂት ሰው በሚወጣበት ምርጫ የሁለት መቶ አበሻ ድምፅ ቀላል አይደለም። አገር ቤት ተነፈግን የምንለውን መብት እዚህ በነጻ ተሰጥቶን ጥለነው የምናድር ከሆነ ጥያቄያችን ጥርስ አይኖረውም።

ሁለተኛው ቃል ይበልጥ ይመራል። በስደት ለቦንድ ተባለ፣ ለትረስት ፈንድ በቀን አንድ ዶላር ተባለ፣ ለገበታ ተባለ፤ ተዋጣ። በተቃዋሚውም ጎራ ለትግሉ ተባለ፣ ለተፈናቃይ ተባለ፤ ተዋጣ። ከዚህ ሁሉ ስንቱ ኦዲት ተደርጎ ሪፖርቱ ለአዋጪው ቀረበ? ወያኔንና ብልጽግናን ሒሳብ የምንጠይቅ ሰዎች የገዛ ድርጅቶቻችንን «ደረሰኙ የታል?» ስንል «የትግሉን ሞራል ትሰብራለህ» የምንባል ከሆነ ነገ ሥልጣን ላይ ብንወጣ የምንሠራው ምን እንደሆነ ከወዲሁ ታውቋል። ስለዚህ መዋጮ የሚጠይቀን ማንም ይሁን ሦስት ጥያቄ ይመልስልን፤ ሥራው በስንት ይጀመራል? ገንዘቡን ማን ይይዛል? ሒሳቡን ማን ይመረምራል? ይህን የማይመልስ መንግሥትም ይሁን ድርጅት አንድ ሳንቲም አይገባውም።

«አሜሪካም ቢሆን እኮ!» ለምትሉን ወገኖች መልሴ ይህ ነው። አዎን፣ አሜሪካም ቢሆን! አሜሪካም ቢሆን ወጪ ይንራል። እንግዲያው የአሜሪካን ጥፋት ብቻ አትቅዱልን፤ ሰነዱን፣ ክፍት ስብሰባውን፣ ገምጋሚውንና ምርጫውንም ጨምራችሁ ቅዱልን። ያን ጊዜ ስለ ወንዝ ዳር መናፈሻው ውበት አብረን እንነጋገራለን።

ቸር ወሬ ያሰማን።