አለቃና እመቤት

መቼም አለቃውን የማያማ ሠራተኛ የለም! «ኦቨርታይም አይከፍልም፣ ስሜን እንኳ አያውቀውም» እያልን ማኪያቷችንን እናቀዘቅዛለን። ማታ ቤት ስንገባስ? «አንቺ! ውሃ አምጪ!»

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የሳምንት ዕረፍትም አለው። የቤት ሠራተኛዋን ግን አይመለከትም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳች ልጅ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የኛን ካልሲ ታጥባለች። (ካልሲ እንኳ ራሳችን ብናጥብ ምናለበት?)

አንዲት የማውቃቸው እመቤት «የማታ ትምህርት ፈቅጄላታለሁ» ይላሉ። ደግ ናቸው። ግን ማዕዱ ሳይነሳ መውጣት የለም! ልጅቷ ታዲያ ሁሌ የምትደርሰው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሒሳብ ነው አሉ። ሰሞኑን ደግሞ ፈተና ደርሷል። እትዬ፣ እስቲ ለዚህ ሳምንት እንኳ ማዕዱን እርስዎ ያንሱት!