ብልቃጡ አይናገርም፦ ውርጭ፣ ብርጭቆ እና የደጋ ሕፃናት ክትባት

የደባርቅና የዳባት ገበሬ ውርጭን ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልገውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ፣ ማለዳ ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ ካየ፣ ቀጥታ ወደ ባቄላው ይሄዳል። ጠዋት አረንጓዴ የመሰለው ቅጠል ፀሐይ ሲያርፍበት ይጠቁራል። ጉዳቱ በዓይን ይታያል።

በዚያው ሌሊት በጤና ኬላ ማቀዝቀዣ ወይም በክትባት መያዣ ሳጥን ውስጥ ያደረ ብልቃጥ ግን ቅዝቃዜ ቢመታው ምንም አይልም። አይጠቁርም፣ አይረግፍም፣ አብዛኛውን ጊዜም አይሰነጠቅም። የረጋው ፈሳሽ ማለዳ ይቀልጣል፤ ብርጭቆው እንደ ትናንቱ ያብረቀርቃል። በውስጡ ያለው ክትባት ግን ኃይሉን አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የዚህ ብልቃጥ ዝምታ ግን ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ሕፃኑ ነው።

ስለ ክትባት ሲነሳ ሁሉም የሚፈራው ሙቀትን ነው። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ የፋይዘር ክትባት ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አካባቢ እንደሚቀመጥ በየዜናው ሲነገር፣ «በቀዘቀዘ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ግንዛቤ ይበልጥ ሰረጸ። ለብዙዎቹ መደበኛ ክትባቶች ግን ይህ ስህተት ነው። ቦታቸው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኢትዮጵያ የተጀመረው ፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው)፣ የሳንባ ምች ክትባት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለልጃገረዶች የተጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት፣ ሁሉም የአሉሚኒየም ጨው አለባቸው። ፈሳሹ ሲረጋ የጨው ቅንጣቶቹ ተጓጉለው ይያያዛሉ። ቢቀልጥም ወደ ነበሩበት አይመለሱም። በፔንታቫለንት ውስጥ ካሉት አንዱ የሆነው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መርጋት ይጀምራል። ይህ ለደጋ ሌሊት ሩቅ ቁጥር አይደለም።

ታዲያ ብርጭቆው ለምን አይናገርም? ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ ከፈሳሽነት ወደ በረዶነት ይለወጣል፤ መጠኑም በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርጭቆ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መለወጫ ነጥብ የለውም። ከቀለጠበት እሳት ሲወጣ ቀስ በቀስ እየጠጠረ የሄደ፣ ቅንጣቶቹ እንደ በረዶ በረድፍ ሳይሰለፉ የቆሙ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ቢቀዘቅዝ የሚያደርገው ጥቂት መሰብሰብ ብቻ ነው። የመድኃኒት ብልቃጥ የሚሠራበት ቦሮን ያለው ብርጭቆ ደግሞ ከመስኮት መስታወት በጣም ያነሰ ነው የሚሰበሰበው። ስለዚህ ቅዝቃዜ ብቻውን አይሰብረውም። የሚሰብረው ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ወይም በውስጡ ያለው ውሃ ረግቶ ሲገፋው ነው። ፍሪዘር ውስጥ የተረሳ ጠርሙስ ያጋጠመው ሰው ይህን ያውቀዋል። የክትባት ብልቃጥ ግን ከላይ ባዶ ቦታ አለው፤ በረዶው ወደዚያ ያብጣል፤ ብርጭቆው ይተርፋል።

ብርጭቆው ራሱ የሚጎዳበት ሁኔታም አለ። የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባት ደረቅ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ መርጋት አይጎዳውም። የሚበጠበጥበት ውሃ ግን ብዙ ጊዜ በብርጭቆ አምፑል ይመጣል። እሱ ከረጋ አምፑሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። በዓይን የማይለይ ስንጥቅ ደግሞ ጀርም ማስገቢያ በር ነው። ዱቄቱና ውሃው አብረው ፍሪዘር ውስጥ መግባት የሌለባቸው ለዚህ ነው።

ብርጭቆን በውጭ መልኩ መፍረድ ሳይንቲስቶችንም አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዜለርና ፖል የተባሉ ተመራማሪዎች ብርጭቆን ከፍጹም ዜሮ (ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ) አጠገብ አቀዝቅዘው ሙቀት እንዴት እንደሚይዝና እንደሚያስተላልፍ ለኩ። በዚያ ቁር ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ብርጭቆ በረድፍ ከተሰለፈ ክሪስታል የበለጠ ሙቀት ይዞ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት አንደርሰን፣ ሃልፐሪንና ቫርማ በአንድ ወገን፣ ፊሊፕስ በሌላ ወገን ማብራሪያ አቀረቡ፦ በተዘበራረቀው የብርጭቆ አወቃቀር ውስጥ አንዳንድ አቶሞች ሁለት የተቀራረቡ ማረፊያዎች አሏቸው፤ በዚያ ቁርም ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋሉ። ይህ የታወቀው ብርጭቆውን በማየት አይደለም፤ በመለካት ነው። ለክትባት ብልቃጥም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

አሁን የሚለካው ግን ግማሹ ብቻ ነው። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ምልክት፣ በክቡ መካከል ያለው አራት ማዕዘን፣ ሙቀት ሲያገኘው ይጠቁራል። ለቅዝቃዜ ግን ዕውር ነው። ከደባርቅ ተነስቶ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ የክትባት ሳጥን ሙቀት ቢያገኘው ምስክር አለው። ወደ ጃናሞራና በየዳ የሚወጣ ሳጥን ቅዝቃዜ ቢያገኘው ምስክር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ዓለም አቀፍ ዳሰሳ ከተጠኑት ማቀዝቀዣዎችና ጭነቶች ከ14 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ክትባትን ለመርጊያ ቅዝቃዜ አጋልጠው እንደነበር አሳይቷል። ችግሩ የአንድ ወረዳ ወይም የአንድ ባለሙያ ስንፍና አይደለም።

እንዲያውም ደንቡ ራሱ የደጋን ባለሙያ የበለጠ ይፈትናል። ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውጭ ተቀምጦ፣ ሲነቀነቅ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ መጠበቅ አለበት። በአዲ አርቃይ ሙቀት ይህ ቶሎ ይደርሳል። በደባርቅ ማለዳ ግን ይዘገያል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሰዓታት የእግር መንገድ ይጠብቃታል፤ እናቶች ተሰብስበዋል። ድምፁን ሳትጠብቅ ብትነሳ ማን ይፈርድባታል?

በዚህ ላይ አካባቢው ያሳለፈው አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ደጃፍ ደረሰ፤ ደባርቅ ተፈናቃዮችን ተቀበለች፤ ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ላይ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተቋቋመ። ከዚያም ወዲህ በክልሉ ግጭት አልበረደም። መንገድ በሚዘጋበት አገር እስከ ጤና ኬላ የደረሰች እያንዳንዷ ብልቃጥ ውድ ናት። ውድ የሆነ ነገር ደግሞ ለመጣል ያሳሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጥራ። ይህ «አታስከትቡ» ማለት አይደለም። የረጋ ክትባት መርዝ አይሆንም፤ መከላከሉ ነው የሚቀንሰው። ሙቀትም እውነተኛ ጠላት ነው። ነገር ግን ካርዱ ላይ ምልክት ተደርጎለት ያልተጠበቀ ልጅ ካልተከተበ ልጅ ይልቅ የሚያሰጋበት ምክንያት አለ፤ ማንም አይፈልገውም። በሽታው ሲመጣም ጥፋቱ በረጋው ብልቃጥ ሳይሆን «ክትባቱ አይሠራም» ተብሎ በክትባት ላይ ይላከካል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከዜሮ በታች ሲወርድ ምልክት የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ለደጋ ሳጥኖች ቅድሚያ ይሰጥ። አይስ ፓኩ ክትባቱን እንዳይነካ ተደርገው የተሠሩ መያዣዎች አሉ፤ ሲታደሉ ከደጋው ይጀመር። በብርድ ቦታ በበረዶ ፋንታ የቀዘቀዘ ውሃ ያለበት ፓክ መጠቀምም ይቻላል። ጥርጣሬ ሲኖር ደግሞ የመነቅነቅ ሙከራ አለ፦ ከአንድ ምርት ሆን ተብሎ የረጋና የቀለጠ ብልቃጥ ከተጠረጠረው ጋር ይነቀነቃል፤ የተጠረጠረው ፈሳሽ እንደረጋው ፈጥኖ ከዘቀጠ ይጣላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የውልደትና የሞት ክትትል ያደርጋል፤ የሳጥኖቹን ቅዝቃዜ ለመመዝገብ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

ከሁሉም በላይ ግን ብልቃጥ መርጋቱን የምትናገር ሠራተኛ «አባከንሽ» ተብላ መገሠጽ የለባትም። የጣለችው ብልቃጥ ሪፖርት ላይ ብክነት ይባል እንጂ ለልጁ ጥበቃ ነው። ብልቃጡ አይናገርም። እሷ እንድትናገር ካልተፈቀደላት ማን ይናገራል?

የአገራችን ሰው ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ዘር መርጦ ኖሯል። ለገብስና ለጤፍ የተለየ ደንብ ያወጣ አገር ለክትባት ሳጥን አንድ ደንብ ይዞ ሊማሊሞን መውጣትና መውረድ የለበትም።