ጋራዥ ሲደርስ የማይጠፋ መኪና ላለዎት፦ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ አንባቢ፣

ስለዚያ አሮጌ አይሱዙዎ ላወራዎት ነው። አይሱዙ አይደለም፣ ኤንትሬ ነው ካሉም ግድ የለም፤ ናፍጣ እስከጠጣ ድረስ ደብዳቤው ለእርስዎ ነው። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ደርሶ ሲመለስ ድምፁን እንኳ አይቀይርም፤ በማግስቱ ጫንጮን ሳያልፍ ጭጭ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ጋራዥ ሲያስገቡት ቀኑን ሙሉ ሲንደቀደቅ ውሎ መካኒኩ ፊት ያሳፍርዎታል። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ሶማሌ ተራ ወርደው አንድ ዕቃ ገዝተው ይመጣሉ። እሱ ካልሆነ ሌላ ይገዛሉ። አይቆጡኝና፣ ይህ ሎተሪ መቁረጥ እንጂ ብልሽት መፈለግ አይባልም።

«የምን ሎተሪ? ፖምፓው ነው ተብያለሁ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ፖምፓ ሲባል ኪስም ልብም ይደነግጣል። ውድ ነው፤ ከወረደ ደግሞ በመለኪያ ማሽን ላይ የሚያስተካክለው ባለሙያ ይፈልጋል። ግን እስቲ አብረን እናስብ። ያረጀ ፖምፓ አብዛኛውን ጊዜ ቀን አይመርጥም። ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ያጨሳል፤ ይህንንም ዛሬም ነገም ያደርጋል። አንድ የማልክደው ነገር አለ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ አልነሳ ካለና ፖምፓውን በእርጥብ ጨርቅ ሲያቀዘቅዙት ከተነሳ፣ ፖምፓውን ቢጠረጥሩት አይፈረድብዎትም። ውስጡ የተበላ ፖምፓ ናፍጣው ሲሞቅና ሲቀጥን በውስጥ እያሾለከ ግፊት ያጣል። ከዚህ ውጪ ግን ፖምፓው የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። መኪናው ሲጠፋ እንዴት ነው የሚጠፋው? «ይጠፋላ!» አይበሉኝ። ቁልፍ እንደተዘጋበት በአንድ ጊዜ ድርግም ይላል? ወይስ መጀመሪያ ኃይል ያንሰዋል፣ ያስላል፣ ቢረግጡትም አልሄድ ይላል፣ ከዚያ ነው የሚጠፋው? ገንዘብዎን የሚያድነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። እርስዎ መልሱን ባያውቁት አይገርምም፤ ቤትዎ ነበሩ። ሹፌሩ ግን ያውቃል። የጠየቀው ስለሌለ «ቆመ» ብቻ ብሎ ይደውላል።

ድርግም የሚል ከሆነ ገመድ ይፈልጉ። «ናፍጣ መኪና ካንዴላ የለው፣ ኤሌክትሪክ ምን ያደርግለታል?» ይሉ ይሆናል። እውነትዎን ነው፤ የናፍጣ ሞተር አየሩን አምቆ በሚያግለው ሙቀት ነው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው። በሽቦ ተጎትቶ የሚጠፋ ዓይነት አሮጌ ሞተር ከሆነ፣ አንዴ ከተነሳ ባትሪውን ቢነቅሉበትም መሥራቱን አያቆምም። በቁልፍ የሚጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ፖምፓዎች ላይ መብራት ሲያገኝ የሚከፈት፣ ሲያጣ የሚዘጋ ትንሽ የነዳጅ መዝጊያ አለ። ወደ እሱ የሚሄደው ገመድ ጫፉ ላልቶ ወይም ዝጎ ከሆነ፣ አንድ የኮረኮንች ንቅናቄ ይበቃዋል። ጋራዥ ግቢ ውስጥ ኮረኮንች ስለሌለ እዚያ አይጠፋም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ገመዱን ወዝወዝ ያድርጉት፤ ከጠፋ ጥፋተኛው ተያዘ።

እያሳለና እየደከመ የሚጠፋ ከሆነ ናፍጣ እያጠረው ነው። እዚህ ላይ «ፊልትሮውን እኮ ቀይሬያለሁ» ሲሉ ይሰማኛል። ይባረኩ። ግን የቀየሩት ለዓይን የሚታየውን ነው። ሰልባትዮው ውስጥ፣ በመሳቢያው ቧንቧ አፍ ላይ ወንፊት ያለው መኪና ብዙ ነው፤ ያ ወንፊት መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ታጥቦ ላያውቅ ይችላል። ግማሹ በዝገትና በጭቃ ቢደፈን ሜዳ ላይ አያስታውቅም፤ ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚጠጣው ጥቂት ነው። ጭነት ይዞ የአባይን በረሃ ወርዶ ከወንዙ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ያኔ በሙሉ አፉ መጠጣት ሲፈልግ ወንፊቱ አያሳልፍለትም። ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፤ መሳቡ ሲቆም ወንፊቱ ላይ የተለጠፈው ቆሻሻ ተመልሶ ይወርዳል። «ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል» የሚሉት እሱን ነው። ድካም አይደለም፤ ቆሻሻው ቦታ ስለለቀቀ ነው።

«ቧንቧውስ? የትም አያንጠባጥብም፣ አይቻለሁ።» ይህ ብዙ አዋቂ መካኒኮችንም የሚያሳስት ነው። ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ሞተሩ ሲሠራ የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ስለዚህ የተሰነጠቀ ጎማ ናፍጣ ወደ ውጭ ከማውጣቱ በፊት አየር ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በተሰነጠቀ ስትሮ ለስላሳ መጠጣት ነው። ደረቅ ጎማ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ለዚህ አንድ ክንድ የሚሆን፣ ናፍጣ የሚችል ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ገዝተው ከፖምፓው በፊት ያስገቡና ሞተሩን አስነስተው ይዩት። አረፋ ተከታትሎ ካለፈ ከዚያ ወደ ኋላ ያለውን ጎማና ማጥበቂያ ሁሉ አንድ በአንድ ይፈትሹ። ስለ ቀጫጭኖቹ የብረት ቧንቧዎች አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱትን በእጅ እየዳበሱ ፍሳሽ አይፈልጉ። እዚያ ያለው ግፊት ናፍጣውን ቆዳ በስቶ ያስገባዋል።

የሰልባትዮው ክዳንዎ የት አለ? ይቅርታ፣ ግን ብዙ አሮጌ መኪና ላይ ክዳኑ ጠፍቶ ፌስታልና ጨርቅ ነው የተጠቀጠቀው። ናፍጣው በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። መግቢያው ከታፈነ ሰልባትዮው ውስጥ የሚስብ ባዶነት ይፈጠርና ናፍጣው አልወጣም ይላል። መኪናው እንደጠፋ ወዲያው ክዳኑን ይክፈቱት፤ «ፉስስ» ብሎ አየር ከሳበ ሌላ ነገር አይፈልጉ።

«ማደያው ነው የቀየጠብኝ» የሚለውንም አልናቅሁትም። ናፍጣ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተቀዳው ምን እንደያዘ ማን ያውቃል? ግን ሳይፈርዱ ከሰልባትዮው ሥር ጥቂት ቀድተው በሚያሳይ ጠርሙስ ያሳድሩት። ውሃ ካለበት ከናፍጣው ስለሚከብድ ከታች ተለይቶ ይታያል።

«አንተ ሹፌሩን አታውቀውም» የሚሉኝም አይቀሩም። ናፍጣ ይሸጣል ብለው ይጠረጥሩታል፤ እሱ ደግሞ እርስዎ ለጥገና ይሰስታሉ ይላል። በሁለታችሁ መካከል አልገባም፤ ግን ሰልባትዮውን ሁልጊዜ በሩብ የሚያስነዱት እርስዎ ከሆኑ የታችኛውን ዝቃጭ ያስጠጡት እርስዎ ነዎት። እሱም ቁልቁለቱን በፎሌ የሚወርድ ከሆነ ቶሎ ይተው። እንዲህ ያለ ሞተር በፎሌ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም እገዛ በረገጠው ቁጥር ያልቃል። ማርሽ ውስጥ ከሆነ ቢያንስ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል።

ይህ ሁሉ ካልገለጠው አንድ ፈተና ይቀራል። ንጹሕ ናፍጣ የሞላ ጀሪካን ከፍ አድርገው በደንብ ይሰሩ፤ መሳቢያውንም መላሹንም መስመር ከሰልባትዮው ነቅለው ወደ እሱ ያዙሩ፤ ሲጋራ በአካባቢው እንዳይኖር። ከዚያ መኪናው ሁልጊዜ የሚጠፋበትን ዳገት ጭነቱን ይዞ ይውጣ። ካልጠፋ ጥፋቱ ከኋላ ነው፦ ሰልባትዮ፣ ወንፊት፣ ክዳን፣ ጎማ። ከጠፋ ከፊት ነው፤ ያኔ ስለ ፖምፓው እናወራለን። ጀሪካኑ ሳይሞከር ግን ማንም ቢመክርዎት ፖምፓውን አያስወርዱ።

አክባሪዎ